ሠላሳ ስምንት ሰዓት

አጅማን፣ ሰናኢያ፣ ከጎማ ጋራዡ ጎን፣
የሙሽራ ቀሚስ ይሰፋል በእኛ ሳሎን።
ሳሎን ስል አትሳቁ፤ ቆርቆሮ ነው ጣራው፣
ማራገቢያው ደክሞ አቧራ ማዞር ነው ሥራው።
ከላይ ባለች ክፍል፣ በመስኮት አሻግሬ፣
እኔ ሒሳብ ሠሪው አለሁ ተቀጥሬ።

ትእዛዝ መጣ ከሻርጃ፣ ዐሥራ ስድስት ቀሚስ፣
ከአንገት እስከ ግርጌ ነጭ ዶቃ የሚለብስ።
ኩርያን፣ ሥራ መሪው፣ በሩን ሳያንኳኳ፣
«ዋጋ ስጠኝ» አለኝ፣ ሰዓቱን እየለካ።

ዋጋ ማለት ሰዓት፣ ሰዓት ማለት እጅ፣
እጅ ደግሞ ይማራል፣ ልክ እንደ ልጅ።
የመጀመሪያው ቀሚስ መቶ ሰዓት ፈጀ፤
ሁለተኛው ስድሳ፣ መርፌው መንገድ አበጀ።
ብዛቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ሁሉ፣
ካማካይ ሰዓቱ አንድ አምስተኛው ይቀንሳል ይላሉ፦
መቶው ሰማንያ፣ ሰማንያው ስድሳ አራት፣
ስድሳ አራቱ ደግሞ ሃምሳ አንድ፣ ከሽራፊ ሰዓት።
መስመሩን ብስለው ቁልቁል ይንደረደራል፣
ፊት ገደል ይመስላል፣ ኋላ ሜዳ ሆኖ ያድራል።
ዐሥራ ስድስቱን ደመርኩ፦ ስድስት መቶ ሃምሳ አምስት።
ኩርያን ፈገግ አለ፤ ዋጋውን ላከ በዚያችው ቅጽበት።

ሥራው የሃውለት ነው። የከሚሴ ልጅ ናት፣
ሰላም ስትል እንኳ ክር ከጥርሷ የማይለያት።
እስከ ስምንተኛው ከመስመሬ ጋራ
አንድ ስንዝር ሳትዘንፍ ወረደች አብራ።
እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው ለቁጥር ሲገዛ
የሒሳብ ሠሪ ደስታ፣ አይጣል ነው፣ ያለ ልክ በዛ።

ዘጠነኛው ላይ ግን መስመሩ ቆመ።
ሠላሳ አምስት ሰዓት ተኩል። ዐሥረኛውም ደገመ።
ዐሥራ አንደኛው ያው። ዐሥራ ሁለተኛው ያው።
መውረድ ለምዶ ሳለ ማን ነው የገታው?
እስከ ዐሥራ ስድስት በዚሁ ብተምን፣
ሠላሳ ስምንት ሰዓት በለጠ ከተመን።
«የት ገባ?» አለ ኩርያን። «ክር ነው? መብራት? ሕመም?
ውረድና እይልኝ። ሰዓት እግር የለውም።»

ወረድኩ። ሃውለት መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ
ዓይኗን ጨፍናለች፣ በዚያ ሁሉ ሁካታ።
ጠጋ አልኩ። ሳትገልጥ፣ «አንተ ነህ?» አለችኝ፣
«ጫማህ ይጮኻል። ልትቆጥረኝ መጣህ?» ሳቀችብኝ።

«አምና አንድ ካባ ነበር፣ ስድሳ ሰዓት የሚሉት፣
እኔ ሞኟ በሠላሳ ጨርሼ ሰጠሁ፤ ወደዱት።
በወሩ ሠላሳው ሕግ ሆነ፣ ሕጉም ለሁላችን፣
ኔፓሏ ሱኒታ አልደረሰችበትም፤ ተሸኘች ከመሐላችን።
የተማርኩት ሁሉ፣ ወንድሜ፣ ዕዳ ነው የሆነኝ።
ይቺ ግን» አለች ዓይኗን ገልጣ፣ «የኔ ናት፤ አትንካብኝ፤
ከእያንዳንዱ ቀሚስ አምስት የማትሞላ ሰዓት፣
ነጭ በነጭ ላይ ሲለቀም ዓይኔ የሚያርፍባት።»

አልመለስኩም። ቀሚሱን በጣቴ ዳሰስኩት።
ቀጥ ያለ ነው ስፌቱ፤ ጉድለት አጣሁበት።

ደረጃውን ስወጣ፣ ከትምህርቴ ዘመን
አንድ ቃል ትዝ አለኝ፣ ያለፍኩት ሳላምን፦
መማርም ዳር አለው፤ መስመሩ ይተኛል፣
ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ቋሚ ሆኖ ይገኛል።
በማስታወሻው ዐምድ፣ በጥቁር ቀለም ጻፍኩ፦
«ከስምንተኛው በኋላ የመማር ውጤት የለም።» ፈረምኩ።

ውሸት ነው? አላውቅም። ቁጥሩ የእሷ ነበር፣
እኔ የጨመርኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር።

ለመናዘዝ ያህል፦
የመጀመሪያው ወር የወጪ ሪፖርቴ
ሦስት ሌሊት በልቷል፣ ከነራት፣ ከነዕረፍቴ።
አሁን በሁለት ሰዓት እጨርሰዋለሁ፤
መብራቱን አብርቼ ግን እስከ ማታ እቆያለሁ።
በመስኮቱ ቁልቁል አሻግሬ ሳይ
ሃውለት ቀና ትላለች፣ ክር በጥርሷ፣ ወደ ላይ፤
እኔም ማስያዬን ነካ፣ ነካ፣ ነካ፣
ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን፣ ማንም እንዳይለካ።