የማትሰማው ፊደል

ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣
መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ፣ እኛም ስንወጣ ስንገባ፣
ማታ ማታ ፈረንሳይኛ እንማር ነበር፤ ስድስት ሆነን፣
የጅቡቲን መስመር አቧራ ከቅንድባችን ሳናራግፍ ገብተን፤
አራት ሹፌር፣ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ፣
ሰሚራ ደግሞ ከደረቅ ወደቡ፣ የኮንቴነር ቁጥር ጸሐፊ።

ሰሌዳ አልነበረንም። ግድግዳው በኖራ ነጥቷል፤
መሐሉን ብቻ መምህር እንድሪስ
በባትሪ ድንጋይ ከሰል አጥቁረው ቀብተውታል።
ጅቡቲ ወደብ ሃያ ሁለት ዓመት ጆንያ የቆጠሩ፣
ሲመለሱ አንድ ሻንጣ ይዘው፣
ስለ ቀረው የማይናገሩ።

«ዛሬ» አሉ፣ «ሊሆን ሲችል ያልሆነውን እንማራለን።
ግሥ እንደ ተሳቢ መኪና ነው፤ ያለ ረዳት አይንቀሳቀስም።
አንደኛው ረዳት ‹ኦሬ› ነው፤ ለመብላት፣ ለመግዛት፣ ለመናገር፤
‹ዦሬ ዲ› ትላላችሁ፤ እናገር ነበር።
ሁለተኛው ረዳት ‹ሰሬ›፤
ለመሄድ፣ ለመምጣት፣
ለመወለድ፣ ለመሞት፤
ደጃፍ ለሚያሻግር ነገር ሁሉ።»

«ፍሬን አጥቶ ሚሌ ላይ ለወደቀስ?» አለ አራጋው ከኋላ።
ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።
«መውደቅም ከ‹ሰሬ› ጋር ነው» አሉ፣
«ደጃፍ ነውና እሱም።»

ከዚያ ‹ሲ› መጣች፤ የእኛዋ ‹ብ›፣ የምኞት ማጠፊያ።
«‹ሲ› ባለችበት ‹ኦሬ› አይገባም፤
እዚያ የሚቆመው ‹ዣቬ› ነው፤
ምክንያቱ በአንድ በር ይግባ፣ ጸጸቱ በሌላው በር።»
እኛማ ቀሎን ነበር፤
ኖሮ እና ነበር፣ ሁለት ጎማ፣ የለመድነው መንገድ።
«ፍሬኑ ቢይዝ ኖሮ፣ ባቲ ገበያ እደርስ ነበር።»
«ደሞዝ ቢጨመር ኖሮ፣ አገባ ነበር» አለ
አስተላላፊው፣ ማንም ሳይጠይቀው።
«ነበር ባይሰበር!» ብሎ አራጋው ዘጋው።

መምህር ጠመኔውን ለሁለት ሰበሩት።
«ባለ ታሪኳ ሴት ከሆነች፣ ከ‹ሰሬ› ጋር ስትሆን፣
መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ትጨመራለች።
አፍ አይጠራት፣ ጆሮ አይሰማት፤
የምታውቃት እጅ ብቻ ናት።»
«የማትሰማ ከሆነች» አለች ሰሚራ፣ «ለምን ትጻፋለች?»

መልስ የለም። ጻፉ።
በዚያ በጆንያ ቆጣሪ እጃቸው፣ ትልልቅ አድርገው፣ በፈረንሳይኛ፦
ቤት ባገኝ ኖሮ፣ ጦይባ ትመጣ ነበር።
ከመካከላችን ጦይባ የሚባል አልነበረም።
ቃላቱ ረዘሙ፤ ጥቁሩ አለቀ፤
የመጨረሻዋ ፊደል
ከከሰሉ ድንበር አልፋ ኖራው ላይ አረፈች፣
ነጭ በነጭ።

«መምህር፣ ፊደሏ የለችም» አለች ሰሚራ።
ዞረው አዩ። ትንሽ ቆዩ።
«አለች» አሉ። «ኖራ ላይ።»

በእኛ አፍ ብትሆን ‹ት› ቀድማ ትሰማለች፣
‹ትመጣ ነበር› ስንል ገና በሩ ላይ ቆማለች።
ግን ‹ብትመጣ ኖሮ› ስንልስ?
ወንድ ይሁን ሴት፣ የመጣው ቢመጣ፣
የሚባለው ኖሮ ነው፤
‹ብትመጣ ኖራ› ያለ ሰው አልሰማሁም።
ኖራ ለብቻው ሌላ ቃል ነው፤
ወይ ግድግዳ ነው፣
ወይ ዕድሜ።

ሁሉም ደብተሩን አጥፎ ወጣ። እኔ የመኪና ቁልፌን ረስቼ
ተመለስኩ። መምህር ጥቁሩን በጨርቅ ጠርገውታል፤
ከድንበሩ አላለፉም።
ጣቴን ኖራው ላይ አሳለፍኩ፣ ፊደሏ ትሆናለች ባልኩበት።
ነጣ።
የቱ ጠመኔ እንደሆነ፣ የቱ ኖራ፣
ብርሃን ላይ ይዤው ስፈልግ አልለየሁም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሞተር አስነሳሁ።
የባቲን ቁልቁለት ስወርድ፣ መሪው ላይ
የአንድ ጣት ነጭ አሻራ ነበር።
ሚሌ እስክደርስ
አልጠረግኩትም።