የአጥንት መዝገብ

እኔ ሁክማራም ነኝ፣ ከቢካኔር ወዲያ፣
አጥንት መዛኝ ነበርኩ በአሸዋው ገበያ፤
ሚዛኔ የዛገ፣ አንድ ጎኑ ጎባጣ፣
እርሳሴ ከጆሮዬ እምብዛም የማይወጣ።

ላም ስትሞት፣ ግመል ሲወድቅ፣ ከየመንደሩ ሁሉ
በጋሪ ይጎትታሉ፣ በሜዳው ላይ ይጥላሉ።
ጌቫር ቆዳ ይገፋል በቀጭን ቢላው ጫፍ፣
የቀረውን ለሰማይ ይተዋል፤ ሰማይ አለው አፍ።

መጀመሪያ አንድ ነጥብ፣ ከፍ ብሎ የሚዞር፣
ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቶ፣ ፀሐይ እስክትሰወር።
ራሰ ቀዩ ይዘነጥላል፤ አንገተ ረጅሙ
ሆድ ዕቃ ውስጥ ይጠልቃል እስከ ትከሻው፣ እስከ ደሙ፤
ነጩ ትንሽዬ ዳር ቆሞ ፍርፋሪ ይለቅማል፤
ለእያንዳንዱ የራሱ ማዕድ፣ የራሱ ተራ ይደርሰዋል።
እኔ ሁሉንም በጅምላ «አሞራ» እል ነበር።

ማታ የሚቀረው አጥንት፣ እንደ ጥርስ የነጣ፣
ዝንብ የማያርፍበት፣ ሽታ የማያወጣ።
እመዝናለሁ፤ «ንጹሕ» ብዬ እጽፋለሁ፤
ንጹሕ ሦስት ሩፒ ይበልጣል። ለአጣቢዎቹ ምን ሰጥቻለሁ?

ስድብ ነው የሰጠሁ።
ልጄን ስቆጣ፣ «ጥንብ አንሳ!» እያልኩ፣
ከስድብ ሁሉ መርጬ ይህን አስበለጥኩ።

በዚያው ገደማ ሐኪም ቢሳ በሞተር ብስክሌት
ከመንደር መንደር ዞረ፤ ቢጠሩት የሚመጣ በሌሊት።
ጡቷ ላበጠባት፣ እግሩ ለቆሰለ፣
አንድ ርካሽ መርፌ፤ ሕመሙ ቀለለ።
የዳነው ቆሞ ሄደ፤ ያልዳነው ወደ ሜዳው መጣ፣
በጉበቱ ይዞ የማይታይ ጣጣ።

አንድ ጠዋት ጌቫር «ና እይ» አለኝ።
ኬጅሪው ዛፍ ላይ ነበሩ፣ አንገታቸው ቁልቁል፣
እንደ እርጥብ ጨርቅ የተሰጡ።
እንቅልፍ የጣላቸው መስሎኝ እጄን አጨበጨብኩ።
አንዱ ወደቀ።
ላሟን ያሻላት መርፌ
የእነሱን ኩላሊት ኖራ አደረገው፤
ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው።

መዝገቤ ይናገር፦
ንጹሕ፣ አርባ ኩንታል።
ንጹሕ፣ አሥራ አንድ።
ቆሻሻ፣ ስድስት፤ ገዢው መለሰው።
ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ብቻ አለ።

አሞራው ከሄደ ውሻ ጮኸ።
ውሻ ይበላል እንጂ አይጨርስም፤ የተረፈው ይሸታል፤
ሃያ የነበረው መንጋ በሁለት ክረምት ሦስት መቶ ይሆናል።
አንዱ የጌቫርን ልጅ፣ ኬሳርን፣ ቁርጭምጭሚቷን ነከሳት፤
ትንሽ ጭረት ናት ተባለ፤ በርበሬ ነሰነሱባት።
በአርባኛው ቀን ውኃ ፈራች።
እናቷ ጽዋ ይዛ እስኪነጋ ድረስ ቆመች።
ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መርፌው ከላሟ፣ ላሟ ከአሞራው፣ አሞራው ከውሻው፣ ውሻው ከኬሳር፣
አንድ ክር ነው ለካ፤ ሲበጠስ እንጂ ሲያያዝ አይታይ ነበር።
ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገር እንዳለ ማን ነገረኝ?
ሽታ የሌለበትን ቀን ዋጋ ማን አስመዘነኝ?

አሁን አርጅቻለሁ። መርፌው ተከለከለ፤
ሐኪም ቢሳ ራሱ ሣጥኑን አቃጠለ።
ብርድ ሲገባ ጥቂቶች ከሰሜን ይመጣሉ፣
ተራራ ተሻግረው፤ የኛዎቹ ግን የት አሉ?

ትናንት የልጅ ልጄ ሳህኑን ጠርጎ በልቶ፣
«አንተ ጥንብ አንሳ» አልኩት፤ ሳቀ አፉን ሞልቶ።
መመረቄ ነበር።

ዛሬ በሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ ያንን ገጽ ገለጥኩ፣
ሽቅብ እያየሁ፣ በሻዩ ክብ ውስጥ ጻፍኩ፦
አሥራ ሰባት።
ወይም አሥራ ስምንት፤
አንዱ ከፀሐይ ፊት ነበርና በደንብ አላየሁትም።