ሦስተኛዋ ካንዴላ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከደብረ ብርሃን በላይ፣
ውርጩ ገለባውን ብር ቀብቶት ስናይ፣
ከመኪናው በፊት እኛው ነን ያልሞቅን፤
እጃችንን ብብት ከትተን እየሳቅን
ኮፈን ከፍተን ቆምን።

ዙሪያው የታሰረ ጭድ፣ የጎማ ክምር፤
ገብስ በታጨደበት አዲስ አስፋልት ጥቁር፤
ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ስምንት መታጠፊያ፣
ሰባተኛው ስሙ «የነፋስ መግፊያ»።

የኛዋ ዲኤክስ ናት፤ በአዘቦቱ ታክሲ፣
የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ጣለው ነጋሲ።
አሥራ ሰባት ቁጥር በሯ ላይ ተጻፈ፤
ሰባቷ በብርድ እጅ ትንሽ ተንሻፈፈ።
ሌሎቹ ከሸገር በሎቤድ ተጭነው፣
ጨርቅ ለብሰው መጡ በመካኒክ ታጅበው።
እኛ አንድ ክሪክ አለን፣ አንድ ሳጥን ቁልፍ፤
እኔ ጥላዬ ነኝ፣ ሁለት ሌት ያለ እንቅልፍ።

በመጀመሪያው ዙር አሳለችብን።

አየሩ ስስ ነዋ! ሞተር እንደ ሰው ነው፣
ቆላ የለመደ ደጋ ሲያዳክመው፣
ቤንዚኑን ጠግቦ ትንፋሽ ያጥረዋል፤
በማርመታው በኩል ጥቁር ይተፋዋል።
ጂግለሯን በጠባብ ለወጥኩ በደቂቃ፤
ሁለት ሴኮንድ ቀነሰች፣ ሰዓት ያዡ ነቃ።
አራተኛ ሆነን ለእሑድ ተያዝን።

ማታ ግን ካንዴላ። አራት ነው የሚያሻት።
እስከ ጠባሴ ድረስ ሱቅ ሁሉ ዞርኩላት፤
ሸዋቀና በባትሪ መደርደሪያ አይቶ
«ሦስት ነው የቀረኝ» አለ እጁን ዘርግቶ።
ሦስት አዲስ ገዛሁ።
ሦስተኛው ቤት ውስጥ ያችው አሮጌዋ ናት፤
በብርጭቆ ወረቀት ጥርሷን ፍቄላት
ክፍተቷን በምላጭ ለክቼ መለስኳት።
ለነጋሲ አልነገርኩም። ምን ብዬ ልንገረው?
ለሚነዳ ሰው ጥርጣሬ መሪ ላይ ከባድ ነው።
ሌሊት በብርድ ልብስ ኮፈኗን ሸፈንን፤
ሁለታችን ደግሞ በአንድ ካፖርት አደርን።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሕዝቡ ጎረፈ፤
ነጠላው ከጃኬት ጋር አጥሩን ታቀፈ።
አንድ አዛውንት መጡ ሽመል ተደግፈው፤
«ዞረው ለዚሁ ቦታ ምን አስቸኮላቸው?»
መልስ ሳልሰጣቸው ባንዲራው ወረደ።

አሥራ ስድስት መኪና ባንድ አፍ ጮኸና
ጉልበቴ ውስጥ ገባ የመሬቱ ዜና።

አራተኛ ሄዶ ሦስተኛ ሆኖ መጣ።
ጣርማበርን በጉም ሲነዳ የኖረ፣
ሌላው ፍሬን ሲይዝ እሱ ተዳፈረ፤
መግፊያው ላይ በውስጥ ገብቶ ቀድሞ ወጣ።
በአሥረኛው ዙር ሁለተኛ። በአሥራ ሦስት፣ መሪ።
ሕዝቡ «አሥራ ሰባት!» አለ፤ ሁሉ ሆነ ጠሪ።
አዛውንቱም ሽመሉን አነሱ።

የመጨረሻው ዙር።
መኪናዋ ሳትታይ ድምጿ መጣ ከማዶ።
አራት ምት ነው ልማዷ፤
አሁን ሦስትና ዝም፣
ሦስትና ዝም፣
እንደሚያነክስ ፈረስ።
ከሰው ሁሉ በፊት እኔ ነኝ የሰማሁ፤
ግራሳም ጨርቄን ጨምቄ ዝም ብዬ ቆምኩ።
ሁለት አለፉት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።

ሦስተኛ። ዋንጫው ከጣሳ የማይበልጥ፣
ፎቶ አንሺው ግን አለው «ከፍ! ከፍ አርገው! ቀጥ!»
ነጋሲ አንገቴን ይዞ፣ ላቡ እየተነነ፣
«አየሩ ነው፣ ጥላዬ፤ አየሩ ጨከነ» አለኝ።
«አዎ» አልኩት።

ሰኞ ወደ ደብረ ሲና። ወንበሯ ተመልሶ፣
አንዲት ተሳፋሪ ማሽላ የሸመተች
«አሥራ ሰባት የማን ቤት ቁጥር ነው?» አለች፤
መኪናው በሙሉ ሳቀ።
ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንጠመዘዝ
ጆሯችን ተከፈተ፣ አየሩ ወፈረ፤
ዲኤክሷ ዘመረች፤ አራት ምት፣ አራት ምት፣
አንዲት ሳትስት።

ካንዴላ አትዋሽም ፈቶ ለሚያያት ሰው።
ጥላሸት ከለበሰች፣ ጥፋቱ የአየር ነው፤
ቤንዚን አርሷት ከሆነ፣ እሳት አጥታ ከሆነ፣
የእኔ ነው።

የካንዴላ ቁልፉ ከወንበሬ ሥር ነው፤
መናኸሪያ ቆመን ሞተሯ ቀዝቅዟል።
ነጋሲ ዋንጫውን ዳሽቦርድ ላይ አቁሞ
ዝርዝር ሳንቲም ይጥልበታል፣ እያፏጨ።
በክርኔ ኮፈኗን ተደግፌያለሁ።
አልከፈትኩትም።