ብዛት፦ አንድ ፍሬ

እኔ ትሪዲብ ባሩዋ፣ የቺታጎንግ ጸሐፊ፣
የሰውን ዕቃ በቃል ባሕር አሻጋሪ፣ አሳላፊ፣
አግራባድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማራገቢያው ሥር፣
ሲመሽ እሞላለሁ የአውሮፓን ቁጥር።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦
ሣጥኑ መርከብ ላይ ሳይወጣ
ሃያ አራት ሰዓት ቀድሞ ይድረሰኝ ወሬው፤
ማን ላከው? ለማን ነው? ክብደቱስ? ፍሬው?
ስድስት አሃዝ ስጠኝ፣ ስሙን በትክክል፤
«ልዩ ልዩ» አትበል፣ «ወዘተ» አትበል።

አልፈርድባቸውም።
ሞት በአሻንጉሊት ሆድ ተጠቅልሎ የሚላክበት ዘመን ነው፤
እኔም ብሆን ማነህ ሳልል በሬን አልከፍትም።

ግን ማሽኑ ቅኔ አይገባው፤ ሰሙን ብቻ ይሻል፤
ወርቅ ያዘለ ቃል ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል።
አንዴ «ጨርቅ» ብዬ ብልክ፣ «የምን ጨርቅ?» አለኝ፤
አንዴ «ስጦታ» ብል፣ በቀይ መለሰልኝ።
ስጦታ ዕቃ አይደለም፣ ሐሳብ ነው ለካ፤
ሐሳብ ደግሞ ሚዛን ላይ ወጥቶ አይለካ።

ትናንት የወይዘሮ ሻሞሊ ጭነት ገባ፦
አራት ካርቶን፣ ለልጇ፣ አንትወርፕ ላለችው፤
«የቤት ዕቃ» ብላ በሁለት ቃል ጨረሰችው።
ላክሁት። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ መልሱ መጣ፦
«መግለጫው አይበቃም። አትጫን።» የሚል ቁጣ።
(ቁጣም አይደል፤ ማሽን አይቆጣም፤
ግን «አትጫን» የሚል ቃል ለስልሶ አይወጣም።)

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ደወልሁላት።
እስከ እኩለ ሌሊት ካልጸደቀ፣ ቦታው የሌላ ሰው ነው።
«እማማ፣ አንድ በአንድ ይንገሩኝ።
አንደኛው ካርቶን?»
«ካንታ ነው፤ ከሦስት አሮጌ ሳሪ የሰፋሁት።»
ጻፍሁ፦ ድርብ ልብስ፣ ጥጥ፣ የእጅ ስፌት፣ ሁለት ኪሎ።
«ሁለተኛው?»
«ድስት። የነሐስ። ክዳኑ ጠፍቷል።»
«ሦስተኛው?»
«መጻሕፍቷ፤ ከምስጥ የተረፉት።»
«አራተኛውስ?»

ዝም።
«እሱን ራሷ ናት ያሸገችው፣ ስትሄድ። ሰባት ዓመቱ።
እንዳይከፈት አለች። አልከፈትሁም።»
«ካልተከፈተ አይሄድም» አልሁ።
ቃሉ የደንቡ ነው። የወጣው ግን በእኔ አፍ ነው።

ስልኩን ወለሉ ላይ አኖረችው።
ቢላ። ከዚያ ፕላስተሩ ሲላጥ፣
ረጅም ጨርቅ በሁለት እጅ እንደሚቀደድ።
ከዚያ ምንም።
የማራገቢያዬን ዙር ስቆጥር ቆየሁ፤
ወደቡ ላይ አንድ ክሬን መብራቱን አጠፋ።

«ጫማ ነው» አለች። «የወንድሟ። ታኬታ።
አቃጠልሁት ብላኝ ነበር፣ ከቀብሩ ማግስት፤
ዓይኔ እንዳያየው ብላ።»

ጻፍሁ፦ ጫማ፣ የስፖርት፣ ያገለገለ፣ አንድ ጥንድ።
ጣቴ ቆመ። አፈር አውሮፓ አይገባም።
«እማማ... ሶሉ ላይ ጭቃ አለ?»
«አለ። ደርቋል። ሣርም አለበት፤
የዚያን ቀን ሣር።»
«ይታጠብ» አልሁ፣ እንደ ሌባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ።
ውኃው ወረደ፣ ብሩሹ ፈተገ፣ ፈተገ፣
መሐል ላይ ተዘጋ።
ተመልሳ ስልኩን አነሣች፣ እጇ ርጥብ መሆን አለበት፤
«አንዱን አጥቤዋለሁ» አለች።
«አንዱ እዚሁ ይሁን። እንዳለ።»

«ጥንድ» የሚለውን ሰረዝሁ።
ጫማ፣ የስፖርት፣ ያገለገለ፣ ንጹሕ፣ የግራ እግር።
ክብደት፦ ሦስት መቶ ግራም።
ብዛት፦ አንድ ፍሬ።

ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች፤
በአረንጓዴ መጣልኝ፦ «ይጫን።»
«የቀኙስ የት ሄደ?» ብሎ አልጠየቀም፤
ለእሱ የሚሆን ባዶ ቦታ ቅጹ ላይ የለም።