አሥራ አራት ገልባጭ

አሥራ አራት ገልባጭ ድንጋይ ደፋሁበት፤
በጨፌው ጉሮሮ ቆመ የኔ ቤት።
ካርታ አለኝ፣ ማኅተም አለው።
ጦይባ ማጭዷን ይዛ መጥታ አየችኝ፤
ለጅባዋ የምታጭደው ፊላ ከሥሬ ነው።
አልተቆጣችም። «ደግ» አለች፣
«ብቻ ነሐሴ ላይ ባለቤቱ ሲመጣ
አልጋህን ከፍ አርገው።»

ሳቅሁ። ኮምቦልቻ ላይ የማይስቅ ማን አለ
መሬት ባገኘ ቀን?

ያኔ ከፋብሪካው የሚወርደው ጅረት
አንድ ቀን ቀይ፣ ሌላ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይገባና
በፊላው ሥር አዝግሞ፣ አርፎ፣
ደለሉን ጥሎ፣ ቀለሙን አራግፎ
ማዶ ሲወጣ ጥጃ ይጠጣው ነበር።
ፊላውን ማን ቀጠረው? በስንት ደሞዝ?
አልጠየቅሁም።

ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ሌሊት፣
ቦርከና ሳያንኳኳ ገባ።
የገዛ ቤቱን ማን ያንኳኳል?
ሶፋው ሥር፣ ቁም ሳጥኑ ሥር፣
የድሮ መኝታውን በዳበሳ ፈለገ።
ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ካርታዬን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፤
አላነበበውም።

ሲነጋ ጎደለ።
ግድግዳዬ ላይ፣ እስከ ጉልበቴ፣
ቀይና ሰማያዊ መስመር ቀረ፣
ፊላው ይውጠው የነበረ።

ከምድጃው ጀርባ አንዲት እንቁራሪት ቀረች፤
እኔን ነው መሰለኝ፣
«የማን ነህ?» ትላለች።