ማጠፊያ

ግንቦት ነው ታይናን ላይ፤ ዝናቡ ያካፋል፣
ስኩተሩ ሁሉ ላስቲክ ለብሶ ያልፋል፤
እኔና አክስቴ ሲዮው-ዩን በአንድ ጥላ፣
ግማሽ ጎናችንን ዝናብ እየበላ፣
በመስታወቱ በር ገፍተን ስንገባ
የሱቁ ማቀዝቀዣ ያስመኛል ካባ።

ላፕቶፑ እዚያ ነው፣ በነጩ መደብ ላይ፣
ብቻውን፣ እንደ ሹም፣ መብራቱ ከበላይ፤
«የዘንድሮ» ይላል ከሥሩ ጽሑፉ፣
ዋጋው የኪራዬ አምስት ጊዜ እጥፉ።

ሥራዬ ትርጉም ነው፤ የኮሪያን ለቅሶ
ከፊልሙ ግርጌ የኛን ቃል አልብሶ
በሁለት መስመር ልክ ቆርጦ ማስቀመጥ፤
ያሮጌው ላፕቶፔ ጩኸት ግን አያስቀምጥ።
ማራገቢያው ሲያጓራ የጎረቤት ሕፃን ይነቃል፣
እናቱ ግድግዳ ትመታለች።
ሰባት ዓመቱ ነው፤ ማን ይፈርድበታል?

ሻጩ ካይ-ሉን ልጅ ነው፣ ጓንት አጥልቋል ነጭ፣
ቃል ይደረድራል እንደ ጨረታ ሻጭ፦
«ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው፤ ካምናው እጥፍ ይሮጣል፣
ስክሪኑም ደምቋል፤ ፀሐይ ላይ ይነበባል፤
ክብደቱም ቀንሷል።»
«በስንት?» አለች አክስቴ።
«በአርባ ግራም።»
«አንድ የቄብ እንቁላል፣» አለች ለራሷ።

አክስቴ ሃያ ስድስት ዓመት በፋብሪካ
ማጠፊያ ስትፈትን፣ ስታይ፣ ስትለካ፣
በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ ክፈት ዝጋ ነው ሥራዋ፣
ማሽን እስኪመጣ ድረስ ተተኪዋ።
ዛሬም ዝናብ ሊጥል አውራ ጣቷን ያማታል፣
ከሬዲዮው ቀድሞ ጣቷ አየሩን ያውቃል።

«ፈቀቅ በል ልጄ» ብላ ወደፊት ቀረበች፣
በአንዲት ጣት ብቻ ክዳኑን አነሣች፤
ሥሩ አልተነቃነቀም።
ዐይኗን ጨፈነች። ዘጋች። ደግማ ከፈተች፣
ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ እንደ ሐኪም አዳመጠች።
«ማጠፊያው የአምናው ነው፤ ስሙ ነው የዘንድሮ፤
ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፣ ያውቃል የኔ ጆሮ፤
አሥር ዓመት ይሠራል፣ እጅ የሚያስመሰግን፤
ባትሪው ሲሞት ግን?»

ካይ-ሉን ጉሮሮውን ጠረገ። «ተለጥፏል።»
«ማን ያላቅቀዋል?» «ወደ ዋናው ይላካል።»
«ስንት ያስከፍላል?» ልጁን ማጠፊያው አጠረው፣
ነጭ ጓንቱን አውልቆ ደግሞ መረመረው።

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ?
አሮጌው እምቢ ያለሽ፣ ይህ እሺ የሚልሽ ምኑ ነው?»
ቆጠርኩላት፦ ፍጥነት። ብርሃን። ጸጥታ።
አንዷን ዘለልኳት፦
ካፌ ገብቼ ከቦርሳዬ ሳወጣው
ከጎኔ ያለው ሰው ቀና ብሎ ሲያየው።
ዝም ብላ አየችኝ፣ ያላልኩትን ሰምታ።

አልገዛንም፤ አልነቀፍነውምም።
«ያወጣል ግን?» አልኳት በዝናቡ መሀል፤
«ለሚያወጣማ፣» አለች፣ «ያወጣል።»

ማታ ትንሿን ብሎን መፍቻ ይዛ መጣች።
ያሮጌውን ሆድ ዕቃ በጥርስ ብሩሽ ጠረገች፣
የድመቴን ጸጉር፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣
የሰባት ዓመት አቧራ ከወረቀት ላይ አራገፈች።
ስናስነሣው
ማጓራቱ ቀርቶ ማንኮራፋት ሆነ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ታጥፎ፣ ተዘርግቶ፣ ታጥፎ፣
ቃሉን አላጠፈም እንዲህ ተገፍትሮ፣ እንዲህ ተገፎ።

እንዲህ አልኩ እንጂ፣ ቅዳሜ ልቤ አላረፈም፤
ለአክስቴ ሳልነግር ተመለስኩ ሱቁ ደጃፍ።
ካይ-ሉን ሳቀ፦ «አክስትሽ ትናንት እዚህ ነበሩ።
ከትናንት ወዲያም።
ዐይናቸውን ጨፍነው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣
ዋጋ አይጠይቁም፤ አመስግነው ይሄዳሉ።»

ከዚህ ሁሉ ዋጋ የአውራ ጣቷ ድርሻ
ስንት ነው? ልለው ነበር፤
የሒሳብ ማሽኑን አየሁት፣ ተውኩት።
ክዳኑን በአንዲት ጣት ዝቅ አደረግኩት፣
ሲገጥም የሚያሰማትን ያቺን ትንሽ ድምፅ
ጎንበስ ብዬ ሰማሁ፤
ወጣሁ።