ይነበብልኝ

ብቸና፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ስር፣
ጃንጥላዬ ቀዳዳ፣ በርጩማዬ ባለ ሦስት እግር፤
አቤቱታ እጽፋለሁ፣ በገጽ ሠላሳ ብር።
የድንበር፣ የፍቺ፣ የበሬ፣ የብድር፣
የሰው ሁሉ ብሶት እኔ ጋ ነው የሚያድር።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ዝናቡ አባርቶ፣
የገበያው መንገድ በዋልካ ተቦክቶ፣
አንዲት እናት መጡ፣ ምርኩዛቸው ቀድሞ፤
ጭቃው ከጫማቸው እንደ ዳቦ ከምሞ።

«አንጓች እባላለሁ። ሦስት ቃዳ ነበረኝ፤
ነጭ ጤፍ ያበቅላል፣ እሱ ነው የጦረኝ።
ልጅ አልወለድኩም፤ መሬቴ ነው ልጄ፤
እኩል አርሰውልኝ ይገባ ነበር ደጄ።
ዘንድሮ ግን ምርቱ ከደጄ ቀረና
ብጠይቀው አራሹን፣ አንገቱን ደፋና፣
‹መሬቱ የይስማው ነው፣ የወንድምሽ ልጅ፤
ሰጥተሽው የለም ወይ በገዛ ራስሽ እጅ?›»

መሬት አስተዳደር ሄደው ነበር አሉ፤
«መጀመሪያ መታወቂያ፣ አሻራ ይስጡ» ሲሉ
ጣታቸውን ከመስታወቱ አኖሩላቸው፤
ማሽኑ ቀይ አበራ፣ አላነበባቸው።
ሌላ ጣት። ሌላ ጣት። አስሩም ተዳረሰ፤
ስንት ክረምት አረም፣ ስንት በጋ አጨዳ
መስመሩን ጠርጎት ቆዳው ለሰለሰ።
«እማማ፣ ማሽኑ አያውቅዎትም» አለች ልጅቷ፤
ክፉ አልነበረችም፤ መቸኮሏ ነው ጥፋቷ።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ።
ድሮ ያ ቃል ሲጠራ
የሚሮጥ ይቆም ነበር፣ ዱላ ይወርድ ነበር ከተሰነዘረበት።
አሁን ወረፋው ፈቀቅ አለ እንጂ አልቆመም።
ጥበቃው ክንዳቸውን ይዞ በትሕትና አወጣቸው።
ትሕትናም ይገፋል።

ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈተው
የውሉን ግልባጭ ሰጡኝ።
ጽሑፉን አየሁት።
አንድ እግሯ ያጠረ «ሰ»፣
ወደ ግራ ያዘነበለ «ቀ»፣
የእኔው እጅ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣
ይስማው ነው ያመጣቸው። «ለማዳበሪያ ነው፣ አክስቴ» ሲላቸው ሰምቻለሁ።
«በነጻ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ» ብዬ ጻፍኩ፤
እንዲህ ነው የሚጻፈው።
አላነበብኩላቸውም። ጆሯቸው ከበድ ይላል፣
ከኋላ ሌሎች ይጠብቃሉ፣ አልኩ።
አውራ ጣታቸውን ይዤ እንደ ማኅተም የተጫንኩት እኔ ነኝ።
ይኸው ከግርጌው፦ ድፍን ሰማያዊ፣ አንድ መስመር የሌለው።
ያኔ ግን ማንም «አይነበብም» አላለም።

ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ ብለን እንመርቃለን፤
ሁለቱን ቃል በአንድ ትንፋሽ እንላለን።
ይስማው መርጦ ወሰደ፣ የፊተኛውን ትቶ፤
ቀበራቸው በቁም፣ ሬሳ ሳይመጣ ከቶ።

አዲስ ወረቀት አወጣሁ።
ጻፍኩ፣ ምስክሮች ከሚለው ስር ስደርስ
አንደኛ፣ የውሉ ጸሐፊ፣ ብዬ ስሜን አሰፈርኩ።
ብዕሩ ከበደኝ፤ ዋሽቼ ግን አላውቅም፣ ብዬ ልጀምር አልኩና
ተውኩት።

የቀለሙን ሙዳይ ስከፍት እጃቸውን ሰበሰቡ።
«መጀመሪያ ይነበብልኝ።»

አነበብኩ፣ ጮክ ብዬ፤
በርበሬ ሻጮቹ ዞር አሉ፣ አንድ ፖሊስ ቆመ።
«‹ደካማዋ አመልካች› ያልከውን ሰርዝ።
እግሬ ነው የደከመ።»
ሰረዝኩ።
«‹ይታዘንልኝ› ማለትህስ ምንድን ነው?
ማን እዘንልኝ አለ? ይገባኛል በል።»
ይገባኛል፣ ብዬ ጻፍኩ።

ሰማዩ መልሶ ማካፋት ጀመረ።
ጃንጥላውን ወደ እሳቸው አዘነበልኩት፤
ጀርባዬ ረጠበ።
«እንግዲህ» አሉ፣ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከበው፣
«ከላይ ጀምረህ እንደገና።»